«አይሲው ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት

(በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎችና ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? እሺ፣ ጥሩ። ማይኩ ካስቸገረ እጃችሁን አውጡ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማይክ መጠገን የማይችል ሰው ያለ አይመስለኝም። (ሳቅ)

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። የመጣችሁትንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ዘግቶ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ተማሪዎችም አላችሁ፣ ፀጉራቸው በብየዳ ሊድ ጭስ የሸበተ ታላላቆቼም አላችሁ። ለታላላቆቼ የሚያውቁትን ስለምደግም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ርዕሴ ጠባብ ነው። ቮልቴጅ የሚቀይር አይሲ ሥራ ሲያቆም ምን እናደርጋለን? በቃ፣ ይኸው ነው።

ለተማሪዎቹ ያህል ሥራውን ላስታውስ። አይሲ የምንለው ቦርዱ ላይ ያለውን ባለ ብዙ እግር ቺፕ ነው። እነዚህ አይሲዎች ቮልቴጅ የሚቀይሩት አንድን ስዊች በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው። በሰከንድ በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ። ያ ማብራትና ማጥፋት ሲቆም ውጤቱም ይቆማል። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ይሆናል። ቻርጀሩ አይሞላም። ሪሲቨሩ ቻናል አያመጣም።

ታዲያ እኛ ምን እንላለን? «አይሲው ተቃጥሏል» እንላለን። ወዲያው እንነቅለዋለን። አዲስ እንገዛለን። እንበይዳለን። እንሰካለን። ዝም። ያኔ ደግሞ ምን እንላለን? «የገዛሁት ፎርጅድ ነው» እንላለን። ሌላ እንገዛለን። እንዲህ ያላየ አለ? እጅ ይውጣ። ማንም የለም! (ሳቅ)

እኔ ዛሬ አንድ ነገር ነው የምለው። የቆመ አይሲ ሁሉ የሞተ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቁም ተብሎ ነው የቆመው። አይሲው ታዛዥ ነው። የሚበላው ሲያጣ ይቆማል። «ቮልቴጁ በዝቷል፣ ተው» ሲባል ይቆማል። «ኮረንቲው ከልክ አልፏል» ሲባል ይቆማል። እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ጥያቄው «ሞቷል ወይ?» ሳይሆን «ቁም ያለው ማን ነው?» ነው።

በሦስት ነጥብ ላስረዳ። አንደኛ፣ ምን በላ? ሁለተኛ፣ ምን ሰማ? ሦስተኛ፣ እውነት ሞቶ ከሆነስ? ሦስተኛው አጭር ነው። አንደኛው ላይ ግን እቆያለሁ፤ አብዛኛው ችግር እዚያ ነውና።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ነፍሳችን አንድ ነገር ልበል። የኛ ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ወደ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኮረንቲ፣ ሲቀየር ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ይሆናል። አሁን ልብ በሉ። የሚሠራ ፓወር ሳፕላይ ከሶኬት ሲነቀል የዚያን 310 ቮልት አብዛኛውን ራሱ ይበላዋል። አይሲው ስዊች እያደረገ ያፈሰዋል። አይሲው የቆመ ፓወር ሳፕላይ ግን የሚያፈስለት የለም። የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የተበላሸው ከሚሠራው ይበልጥ አደገኛ ነው! የተበላሸው ነው አደገኛው። ነቅላችሁ ወዲያው እጅ እንዳትሰዱ። በሬዚስተር፣ ኮረንቲ በሚገታው ዕቃ፣ አፍስሱ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ንኩ። በስክሪውድራይቨር ሾርት እያደረጋችሁ «ጧ» የምታሰኙም አላችሁ። አውቃችኋለሁ። ተዉ።

ሌላም አለ። ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ያላችሁ፣ የኦሲሎስኮፑን ግራውንድ መቆንጠጫ ከሶኬት ጋር በተያያዘው ጎን ላይ እንዳትቆነጥጡ። በመሃል ቦርዱን ከሶኬቱ የሚለይ ማግለያ ትራንስፎርመር ከሌለ መሣሪያውም እናንተም አትተርፉም። እሺ? እሺ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልሂድ። ምን በላ?

ምሳሌዬ ሁላችሁም የምታውቁት ባለ ስምንት እግር አይሲ ነው። ዩሲ 3842። ዩኒትሮድ የሚባል ኩባንያ ያወጣው ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ገዛው። አይሲው ግን እስካሁን ከሞኒተር ውስጥ፣ ከባትሪ ቻርጀር ውስጥ፣ ከብየዳ ማሽን ውስጥ አልወጣም። እኔ ጡረታ ብወጣ እሱ የሚወጣ አይመስለኝም።

ይህ አይሲ የሚበላው በ7ኛው እግሩ ነው። 5ኛው ግራውንድ ነው። ሥራ ለመጀመር 7ኛው እግር ላይ 16 ቮልት ያህል ማየት አለበት። 15 ቢሰጡት አይነሳም። አንዴ ከተነሳ ግን እስከ 10 ቮልት ድረስ ይታገሳል። ከ10 ሲወርድ ይቆማል። ቁጥሩ ከአይሲ አይሲ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል። እናንተ ግን 16 እና 10 ብላችሁ ያዙ። 16 ይነሳል፣ 10 ይተኛል።

ያ 16 ቮልት ከየት ይመጣል? ከ310ው ቮልት በአንድ ትልቅ ሬዚስተር በኩል ይንጠባጠባል። መቶ ወይ ሁለት መቶ ኪሎ ኦም በሆነ ሬዚስተር። ማስነሻ ሬዚስተር እንበለው። አይሲው ከመነሳቱ በፊት የሚወስደው ከ1 ሚሊ አምፕ አይበልጥም፤ ስለዚህ ጠብታው ይበቃዋል። 7ኛው እግር ላይ ያለች ትንሽ ካፓሲተር ቀስ እያለች ትሞላለች። 16 ስትደርስ አይሲው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግን ከ10 ሚሊ አምፕ በላይ ይፈልጋል። ጠብታው ይህን አይችለውም። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ላይ ለሱ ብቻ የተጠመጠመ ትንሽ ጥቅል አለ፤ አይሲው ሥራ ሲጀምር ከዚያ ይበላል። ራሱ ሠርቶ ራሱን ይመግባል ማለት ነው።

ባትሪው የሞተ ሚኒባስ ታክሲ አይታችኋል አይደል? ረዳቱና ተሳፋሪው ገፍተው ያስነሱታል። ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋ እንደሆነ ግን አለቀ። እንግዲህ ባትሪው የሞተው መቼ ነው? ሞተሩ የጠፋ ጊዜ ነው? አይደለም። ቀድሞ ነው የሞተው። ማጥፋቱ ገለጠው እንጂ አልገደለውም።

ይህን የምላችሁ ለምንድን ነው? አገራችን መብራት ሄዶ የሚመጣበት አገር ስለሆነ ነው። ደንበኛ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለው።» እኛም «አዎ፣ ኃይለኛ መጥቶበት ነው» እንላለን። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አልክድም። ግን ስንት ጊዜ ነው ነገሩ ከዚያ ቀድሞ የተበላሸው? ማስነሻው ሬዚስተር ድሮ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሯ ድሮ ደርቃ ሊሆን ይችላል። ዕቃው እየሠራ ስለነበር ማንም አላወቀም። መብራት ሲሄድ ተኛ። ሲመጣ መነሳት አቃተው። መብራቱ ሳይገድለው በመብራቱ ይሳበባል።

አንዲት እህት ነበረች። ኮፒ ቤት አላት። ሞኒተሯን ይዛ መጣች። «ማታ መብራት ሄደ፤ ጠዋት አልነሳ አለኝ። ሌላ ሰው ጋ ወስጄው አይሲ ቀየረልኝ። ለአንድ ቀን ሠራና ያው ሆነ» አለችኝ። ለአንድ ቀን ሠራ! ይህች ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። የሞተ አይሲ ተቀይሮ ከሆነ ለምን አንድ ቀን ብቻ?

ከፈትኩት፣ ሰካሁት። ጥ… ጥ… ጥ… ይላል። ይህን ድምፅ የማያውቅ አለ? ባለ መርፌውን አሮጌ ቴስተር አወጣሁ። ዲጂታሉ እዚህ ላይ ቁጥር እያቀያየረ ዓይን ያደናግራል፤ መርፌው ግን ጉዞውን ያሳያል። መቀነሱን ትልቁ ካፓሲተር ነጌቲቭ ላይ፣ መደመሩን 7ኛው እግር ላይ አደረግኩ። መርፌው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወጣ፣ 16 ገደማ ደረሰ፣ ዱብ ብሎ 10 ላይ ወደቀ። ጥ አለ። እንደገና ቀስ ብሎ ወጣ። ዱብ አለ። ጥ።

ምን እያየሁ ነው? አይሲው በየጊዜው ይነሳል። ይሞክራል። የሚበላው ሳይደርስለት ያልቅበታል። ይተኛል። የሞተ ነገር ይሞክራል እንዴ? ይህ አይሲ ሕያው ነው! ሕያው ነው፣ ግን ተርቧል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ካፓሲተሯ 47 ማይክሮ ፋራድ ናት እንበል። ከ16 እስከ 10 ያለው 6 ቮልት ነው። አይሲው 15 ሚሊ አምፕ ይወስዳል። 47 ማይክሮ ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ15 ሚሊ። ስንት መጣ? 19 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቅሉ ደርሶ ይመግበዋል። አሁን ካፓሲተሯ ደርቃ 5 ማይክሮ ሆነች በሉ። 2 ሚሊ ሰከንድ! በ2 ሚሊ ሰከንድ ምን ይደረስለታል? ምንም።

ታዲያ ለምን አንድ ቀን ሠራ? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። የደረቀች ካፓሲተር ሲሞቃት ትሻላለች፤ ሲበርዳት ትብሳለች። ያኛው ባለሙያ አይሲውን ሲበይድ አካባቢው ሞቀ። ካፓሲተሯም አብራ ሞቀች። ሲሰካው ተነሳ። «አይሲው ነበር» አለ። ደንበኛዋ ወሰደችው። እየሠራ እስካለ ድረስ ሙቀቱ አልጠፋም። ሌሊቱን መብራት ሄደ፣ በረደ፣ ጠዋት ያው ሆነ።

እንዴት አረጋገጥኩ? ጎረቤቴ ፀጉር ቤት አለ። የፀጉር ማድረቂያ ተበደርኩ። ካፓሲተሯ ላይ ብቻ ሞቅ ያለ አየር ነፋሁባት። ጥ… ጥ… አለና ስክሪኑ ቦግ አለ። ሴትዮዋ አጨበጨበች። «ፀጉሩን ነው ያደረቅህለት?» አለችኝ። (ሳቅ) ካፓሲተሯን ቀየርኩ፤ አለቀ። አይሲው እዚያው እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማስነሻው ሬዚስተር ትንሽ ልጨምር። ሲበጠስ አይጠቁርም፣ አይሸትም። ዓይን አያየውም። ኃይል አፍስሳችሁ በኦም መለካት ብቻ ነው። ስትቀይሩ ደግሞ ዋቱን አስቡ። 150 ኪሎ ኦም ላይ 300 ቮልት ካረፈ 0.6 ዋት ነው። ሩብ ዋት ሬዚስተር ብታስገቡ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ፋብሪካው ሁለት ሬዚስተር በተከታታይ አድርጎ ካስገባም ሁለት አድርጉ። አንዷ ትንሽ ሬዚስተር ያን ሁሉ ቮልት ለብቻዋ እንድትሸከም ስላልተፈለገ ነው ሁለት የሆኑት። «አንድ ይበቃል» እያላችሁ አትቆጥቡ።

አሁን ወርቁን ልስጣችሁ። አይሲው ሕያው መሆኑን ሳትነቅሉት፣ 220 ሳትነኩ የምታውቁበት መንገድ አለ። ከሶኬት ንቀሉት። ትልቁን ካፓሲተር አፍስሱ። ከጠረጴዛ ፓወር ሳፕላይ መደመሩን 7ኛው እግር፣ መቀነሱን 5ኛው እግር ላይ አገናኙ። ኮረንቲውን 50 ሚሊ አምፕ ላይ ገድቡ። ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። 5፣ 8፣ 12፣ 15… አይሲው ይህን ያህል አይወስድም። 16 ላይ ኮረንቲው ድንገት ከ10 ሚሊ አምፕ በላይ ይዘላል። ተነሳ ማለት ነው! 8ኛው እግር ላይ 5 ቮልት ይመጣል። 4ኛው ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለው ሞገድ ይታያል። 6ኛው ላይ ስዊች የሚያደርገው ምት። መልሳችሁ ስታወርዱት 10 ላይ ይተኛል።

ይህን ሁሉ ካደረገ አይሲውን ተዉት። ጥፋቱ ውጭ ነው። ውጭ ነው!

«እኔ ፓወር ሳፕላይ የለኝም» የምትል ተማሪ አለህ። አውቃለሁ። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ግጠም። 18 ቮልት ሆነ። የአይሲው ጣሪያ 30 ቮልት ነው፤ ምንም አይሆንም። ማዞሪያ ባይኖርህም 8ኛው እግር ላይ 5 ቮልት መጥቶ እንደሆነ ታያለህ። ይበቃሃል።

ሁለተኛው ነጥብ። ምን ሰማ?

ጠግቦ የቆመ አይሲ አለ። ምግቡ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም። ይህ አንድ ነገር ተነግሮት ነው የቆመው። 3842 ላይ 3ኛው እግር ኮረንቲ ያዳምጣል። እዚያ 1 ቮልት ከደረሰ ስዊቹን ወዲያው ይዘጋል። ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለው ዳዮድ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው፣ ሾርት ካደረገ በየምቱ «በዛ! በዛ!» እየተባለ ይኖራል። እሱም ጥ… ጥ… ይላል። እንግዲህ ሁለት ጥ አለ ማለት ነው። የረሃብና የሸክም። መለያው ቀላል ነው፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለውን ዳዮድ ለኩ። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ ሸክም ነው። 1ኛው እግርም ወደ ታች ከተጎተተ አይሲው ይተኛል። እሱ የኦፕቶው፣ ከማዶ መልእክት በብርሃን የሚያመጣው ዕቃ፣ ጣጣ ነው። በዚህ እንለፈው።

እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሌላ አይሲ ነው። ኤምሲ 34063። ከሞቶሮላ የወጣ፣ አሁን ብዙ ኩባንያ የሚሠራው። ይኸኛውም ባለ ስምንት እግር ነው። የመኪና ቻርጀር ውስጥ ሞልቷል። አንዳንድ አሮጌ ሪሲቨሮች ውስጥ ደግሞ 12 ቮልቱን ከፍ አድርጎ ለዲሹ ኤልኤንቢ፣ ዲሹ ፊት ለተሰቀለው ተቀባይ፣ የሚልከው እሱ ነው።

አንድ ጋሼ አሉ ሰፈራችን። ጡረታ የወጡ መምህር። ግማሽ ቻናል ጠፋባቸው። ግማሽ ብቻ! የዲሽ ሠራተኛ ጠሩ። ጣራ ላይ ወጣ፣ ዲሹን አዞረ፣ የነበረውንም አጠፋባቸው። ሌላ መጣ፣ የነበረውን መለሰ፣ ኤልኤንቢ ቀየረ፣ ገንዘብ ተቀበለ። ያው ግማሽ። በመጨረሻ ምን ተባሉ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ሳተላይቱ ላይ ነው ችግሩ።» (ሳቅ) እኔ ዘንድ ሪሲቨሩን ይዘው ሲመጡ «እስቲ እየው፤ ሰማይ ላይ ያለውን ማንም አይጠግንልኝም» አሉኝ።

ግማሽ ቻናል ሲጠፋ ምን ማለት ነው? ቻናሎቹ በቬርቲካል (በቁም) እና በሆሪዞንታል (በአግድም) ሞገድ ይመጣሉ። ኤልኤንቢው ቬርቲካሉን የሚይዘው 13 ቮልት ገደማ ሲላክለት ነው። ሆሪዞንታሉን በ18። ሆሪዞንታል ቻናል አስመርጬ ኤልኤንቢ መሰኪያው ላይ ለካሁ። 11.6 ቮልት። 18 መሆን ነበረበት። የአይሲው መግቢያ ላይ ለካሁ። 12።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት ስዊች ማድረግ ሲያቆም ውጤቱ ዜሮ አይሆንም። ዜሮ አይሆንም! ገቢው በጥቅሉና በዳዮዱ በኩል በቀጥታ ያልፋል። ዳዮዱ ትንሽ ይቀንስለታል። 12 ገባ፣ 11.6 ወጣ። ይህን ቁጥር ስታዩ «ቮልቴጁ ደከመ» እንዳትሉ። አልደከመም፤ ስዊቹ ቆሟል። 11.6 ደግሞ ለቬርቲካል ይበቃል። ለዚህ ነው ግማሹ ቻናል የቀረው። ጣራው ላይ ምንም ችግር አልነበረም።

ታዲያ ስዊቹ ለምን ቆመ? ኦሲሎስኮፑን 3ኛው እግር ላይ አደረግኩ። የመጋዝ ጥርሱ አለ! ከ0.75 እስከ 1.25 ቮልት እየወጣ እየወረደ። ስዊቹ ያለበት 1ኛው እግር ላይ ግን ጸጥታ። ይህ አይሲ ጠባዩ እንዲህ ነው። «ተው» ሲባል ስዊቹን ያቆማል፣ ኦሲሌተሩን ግን አያቆምም። ስለዚህ 3ኛው እግር ላይ ሞገድ ካለ አይሲው አልሞተም ማለት ነው፤ ተከልክሏል።

ማን ከለከለው? 5ኛው እግር። እሱ ጆሮው ነው። ውጤቱ በሁለት ሬዚስተር ተከፋፍሎ ይነገረዋል። 1.25 ቮልት ከሰማ «ልክ ነው» ይላል። ከዚያ ካለፈ ያቆማል። ለካሁ። ከ11 ቮልት በላይ! 1.25 መስማት ያለበት ጆሮ ላይ 11 ቮልት እየጮኸበት ነው። ምስኪኑ «ቮልቴጁ ጣራ ነክቷል» ብሎ አምኖ ቁጭ ብሏል። ከ5ኛው እግር ወደ ግራውንድ የሚወርደው ሬዚስተር ብየዳው ተሰንጥቆ ነበር። መሰኪያው አጠገብ ነው። ገመዱን ነቅሎ የሚሰካ ሁሉ ቦርዱን ያንቀሳቅሰዋል፤ እነዚያ የዲሽ ሠራተኞችም ሳያውቁ አግዘውታል። ሊዱን ደገምኩለት። 18 ቮልት መጣ። ጋሼ «ስንት ነው?» አሉኝ። የከፈሉት ከጣራው ሥራ እንደማይበልጥ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ኦሲሎስኮፕ የሌላችሁ አትዘኑ። ዲኤስኦ 138 የሚባለው ተገጣጣሚ ርካሽ መሣሪያ ለዚህ ይበቃል። እሱም ከሌለ በኤኤም የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ አምጡ። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ወደ ቦርዱ ጥቅል አስጠጉት። ስዊች እያደረገ ከሆነ ሬዲዮው ይንጫጫል። ከቆመ ጸጥ ይላል። እናቶቻችን ቤት የማይጣል ሬዲዮ አለ፤ እሱን ለምኑ።

ሳልረሳው፣ ያልቆመውንም ቆመ የምትሉበት ጊዜ አለ። 34063 ምንም ሸክም ከሌለው ያርፋል። ውጤቱ እስኪቀንስ ይጠብቃል፣ ጥቂት ምት ይመታል፣ መልሶ ያርፋል። ይህ ጤናው ነው። ስለዚህ ሸክም አድርጋችሁ ሞክሩት። በምን? «በመኪና አምፖል» የሚል ሰማሁ። አይሆንም ወንድሜ! 21 ዋት የመኪና አምፖል ሲበራ ወደ 7 ኦም ነው። ሳይበራ፣ ቀዝቃዛ እያለ፣ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሲነሳ ከ15 አምፕ በላይ ይጠይቃል። ደህናው ሰርኪት «ሾርት ነው» ብሎ እምቢ ይላል፣ እናንተም «አይሲው ሞቷል» ትላላችሁ። ነጩን የሲሚንቶ ሬዚስተር ተጠቀሙ። ለ12 ቮልት 22 ኦም፣ 10 ዋት። ግማሽ አምፕ ገደማ ይስባል። ይግላል፣ እንዳትነኩት።

ሦስተኛ። እውነት ሞቶ ከሆነስ?

ይሞታል። አይሞትም አላልኩም። 3842 ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሞስፌቱ፣ ስዊች የሚሆነው ትራንዚስተር፣ ሲገድለው ነው። ሞስፌቱ ሾርት ሲያደርግ 310 ቮልቱ በጌቱ፣ በማዘዣ እግሩ፣ በኩል ወደ 6ኛው እግር ይገባል። ያኔ ምልክቱ ግልጽ ነው። ፊውዙ ጠቁሯል። ከ7ኛ ወደ 5ኛ እግር ስትለኩ ዜሮ አጠገብ ነው። አንዳንዴ አይሲው ራሱ ተቀድዶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ከሆነ አንዱን ብቻ አትቀይሩ። ሞስፌቱን፣ የጌቱን ሬዚስተር፣ ኮረንቲ የሚለካውን ትንሽ ኦም ሬዚስተር፣ አይሲውን፤ ሁሉንም ባንዴ ቀይሩ። አንዱ ታሞ ከቀረ አዲሶቹን በአንድ ብልጭታ ይወስዳቸዋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ደግሞ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አድርጋችሁ ሰኩት።

ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። «3842 የለም፣ 3843 ውሰድ፣ ያው ነው» ይላችኋል ባለሱቁ። ያው አይደለም! 3843 በ8.4 ቮልት ይነሳል፣ በ7.6 ይተኛል። ተገላቢጦሹን፣ ለ3843 በተሠራ ቦርድ ላይ 3842 ብታስገቡ፣ ጥቅሉ የሚመግበው 9 ቮልት ብቻ ከሆነ አንዴ ይነሳል፣ ይራባል፣ ይተኛል። 3844 እና 3845ም ሌላ ናቸው። ስዊቹን ከግማሽ ጊዜ በላይ አይከፍቱም። አዲሱንም አይሲ ሳትበይዱት በሁለቱ ባትሪ ፈትኑት። ፎርጅድ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ለገበያችን የማዝንለት ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ዕቃ ገዝቶ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር ሥራችን ሆኗል።

አንድ ሰው ሻይ ላይ «ይህን ሁሉ ስለካ ደንበኛው ቆሞ እያየኝ ነው፤ አይሲ መቀየር አይፈጥንም?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ደንበኛ ለዕቃ ይከፍላል፣ ለመለካት አይከፍልም። «ምን ቀየርክልኝ?» ይላል። «ሊድ ነካሁት» ስትሉት ፊቱ ይቀየራል። እኔ ሱቄ ውስጥ የምርመራ ዋጋ ለይቼ ለጥፌያለሁ። መጀመሪያ አኮረፉ። አሁን ለምደውታል። እናንተም ባንድ ላይ ብትለጥፉ ማንም ብቻውን አይጣላም። ማኅበራችሁ በዚህ ይነጋገርበት።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። (ሳቅ) እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ አምስት ቦርድ አስቀምጫለሁ። ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም 3842 ናቸው፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ፈስሰዋል፣ ግን እናንተ ራሳችሁ ደግማችሁ ለኩ። ፓወር ሳፕላይ አለ፣ ባለ መርፌ ቴስተር አለ፣ የፀጉር ማድረቂያም ይዤ መጥቻለሁ። ከአምስቱ በአንዱ ላይ ብቻ አይሲው እውነት ሞቷል። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ሊድ መበየጃ ግን ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ሆን ብዬ ነው ያላመጣሁት።

በሉ እንሂድ፤ ተማሪዎች ቅድሚያ ስጧቸው። አመሰግናለሁ።